ሣጥኑ እስኪሞላ

መንገድ የምትፈሪ እናት ከሆንሽ ይህን ለአንቺ ነው የምጽፈው። ሌላውም አንባቢ አይለፈው፤ ከእናት ያልተወለደ የለምና የእናቱን ፍርሃት ያውቀዋል።

የምኖረው አምቦ ነው። ቤቴ ከሆስፒታሉ ጀርባ፣ ወደ ሁሉቃ ወንዝ በሚያወርደው ኮረኮንች ዳር ነው። ትምህርት ከአራተኛ ክፍል አላለፍኩም። ቅቤ እነግዳለሁ። በደህናው ጊዜ ወንጪ ድረስ እየወጣሁ ከገበሬ ሴቶች እጅ እያሸተትኩ፣ እየቀመስኩ እገዛ ነበር። ባለቤቴ ታዬ ዕቃ ጭኖ እጃጂ ሲሄድ መኪናው ተገልብጦ ከሞተ ወዲህ ግን መኪና ላይ መውጣት ተውኩ። ቅቤውን ሴቶቹ ራሳቸው ያመጡልኝ ጀመር። ሰዉ "ሙሉን ሐዘኑ ጎድቷት ነው፣ ይለቃታል" ይል ነበር። አልለቀቀኝም። የአውቶብስ ጡሩንባ በሰማሁ ቁጥር በሬን እዘጋለሁ።

ለራሴ ብቻ ፈርቼ ብቀር ደግ ነበር። ልጄን ሌሊሴንም በፍርሃቴ አሰርኳት። እሷ መንገድ አትፈራም፤ የእኔን መታመም ነው የምትፈራው። ዩኒቨርሲቲ እዚሁ አምቦ ሲደርሳት ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ተንበርክኬ አመሰገንኩ። ስትመረቅ ጊንጪ ሥራ ተገኘላት። ጊንጪ ቅርብ ናት፤ ጠዋት ሄዶ ማታ የሚመለስ ሰው ሞልቷል። እኔ ግን ወሬውን ከሰማሁ ጀምሮ እህል አልወርድ ሲለኝ ጊዜ "በቃ ይቅርብኝ፣ እማዬ" አለችና ተወችው።

በኋላ እዚሁ ከተማችን ውስጥ አንድ ትንሽ ፕሮጀክት ቀጠራት። ካሜራ ይዘው በምዕራብ ሸዋ ከተሞችና ገጠሮች እየዞሩ ሽማግሌዎችንና አሮጊቶችን ይቀርጻሉ። የጥል ዳኝነት እንዴት እንደነበር፣ እንሰት እንዴት እንደሚተከል፣ ፈረስ እንዴት እንደሚገራ፣ ሙሽራ ስትሸኝ ምን እንደሚዘፈን፣ የሚያውቅ ሰው ያወራል፣ እነሱ ይቀርጻሉ። ሌሎቹ ወደ ገጠር ሲወጡ የእኔ ልጅ ቢሮ ትቀራለች፤ ያመጡትን እየለየች ሃርድ ዲስክ ላይ ታስቀምጣለች። ደስ ብሎኝ ነበር። ወንበር ላይ የሚያስቀምጥ ሥራ እንጂ ሌላ ምን እፈልጋለሁ።

ዓመታት ሲያልፉ ዲስኮቹ መደርደሪያውን ሞሉት። ማርጀትም ጀመሩ። አንዱ ተቃጠለ። የቢሮው ጣሪያ ደግሞ ያፈሳል። ስለዚህ ሁሉም ነገር ክላውድ ወደሚሉት ቦታ ይሂድ ተባለ። ሌሊሴ ስታስረዳኝ፣ ስሙ ደመና ይሁን እንጂ ሰማይ ላይ እንዳይመስልሽ፣ ባሕር ማዶ ያለ ትልቅ መጋዘን ነው አለችኝ። እዚያ የገባ ነገር ሁለት ሦስት ቦታ ተባዝቶ ይቀመጣል፤ አንዱ ቢጠፋ ሌላው ይተርፋል። እኔም ታዲያ ለምን በኢንተርኔት አትልኩትም ብዬ ጠየቅኋት። እኔ እንኳ በስልኬ ፎቶ እልካለሁ።

"እማዬ፣ ጎተራ ሙሉ ጤፍ በመሐረብ እየቋጠርሽ አዲስ አበባ ብታመላልሺ መቼ ያልቃል?"

"ዕድሜዬ ቀድሞ ያልቃል።"

"የእኛ ኢንተርኔት መሐረብ ነው። እሱም ሲኖር። ስለዚህ ጎተራውን እንዳለ እንጭነዋለን።"

ጎተራ ያለችው ሣጥን ነው። ከውጭ አገር የሚከራይ፣ በመኪና የሚመጣ ሣጥን። ያለን ሁሉ እሱ ላይ ይገለበጣል፤ ይዘጋል፤ በመኪና አዲስ አበባ፣ ከዚያ በአውሮፕላን ወደ መጋዘኑ ይሄዳል። እዚያ ያሉት ሰዎች ከሣጥኑ አውጥተው ያስገቡታል።

ሣጥኑ ከመምጣቱ በፊት ልጄ ስታቅድ ከረመች። ያለው ምን ያህል እንደሆነ ለካች። አንድ ዲስክ ለሙከራ ገልብጣ ሁሉም ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈጅ ገመተች። ደቃቅ ደቃቁ ፋይል ጊዜ ይበላል ብላ በትልልቅ ጥቅል ሰበሰበችው። ይሄ ወዲያው ገባኝ፤ እኛም ቅቤውን በኮባ ጠቅልለን በአንድ ቅርጫት እናወርደዋለን እንጂ ድቡልቡሉን አንድ በአንድ አንሸከምም። የሣጥኑ የይለፍ ቃል ከሣጥኑ ጋር አብሮ አይጓዝም፤ ለብቻው ነው የተላከላት። መንገድ ላይ ቢጠፋ ያገኘው ሰው ምንም አያይበትም። ዲስኮቹም ቢሆኑ ከማዶ "ደርሶናል፣ አስተያይተናል፣ ልክ ነው" እስኪባል ድረስ አይደመሰሱም።

ይህን ሁሉ ስትነግረኝ ደስ እያለኝ ሰማሁ። የቀረውን የነገረችኝ መጨረሻ ላይ ነው። ሣጥኑን የተረከበችው እሷ ስለሆነች አዲስ አበባ ወስዳ የምታስረክበውም እሷ ናት። ከዚያ ወዲያ ደግሞ ያን ሁሉ አዲስ አበባ ሆኖ የሚጠብቅ፣ ለፈለገው የሚያወጣ ሰው ያስፈልጋል። እሷን መርጠዋታል።

እኔ ጎመን እየከተፍኩ ነበር። መክተፌን ቀጠልኩ።

ሣጥኑ በክረምት መጣ። ቢሮው መብራት ቶሎ ቶሎ ይጠፋበታል። የእኛ ሰፈር ግን ከሆስፒታሉ መስመር ላይ ስለሆነ ከተማው ጨልሞ እኛ ጋ አምፖል ይበራል። ስለዚህ ሣጥኑ እኔ ሳሎን እንዲቀመጥ ተስማሙ። የተጓዥ ሻንጣ የሚያክል ግራጫ ነገር ነው፤ ክብደቱ የወፍጮ ድንጋይ። ግንባሩ ላይ የመዳፍ ያህል መስታወት አለው። እንደ ትንፋሽ ያለ ድምፅ አለው፣ ነፋስ ስቦ ነፋስ ያስወጣል። አቧራ እንዳይገባበት ብዬ ጋቢ ላለብሰው ስል ሌሊሴ ሣቀችና ከእጄ ነጠቀችኝ። ታፍኚዋለሽ፣ እሱም ይተነፍሳል አለችኝ።

ላፕቶፑ ላይ አንድ አረንጓዴ መስመር ነበር። ሣጥኑ በሞላ ቁጥር መስመሩ ወደ ቀኝ ይረዝማል። ያን መስመር ጠላሁት። ጠዋት ስነሳ ፊቴን ሳልታጠብ የማየው እሱን ነው። አንዲት ጣት በረዘመ ቁጥር ልጄ አንድ እርምጃ ወደ በሩ የቀረበች ይመስለኛል።

መጨረሻ የቀረው የወንጪ ሽማግሌዎች ያሉበት ዲስክ ነበር። ሌሊሴ ሰካችው። ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ድምፅ አሰማ። ፊቷ ተለወጠ። መታመሙን ብታውቅ ኖሮ ከሁሉ አስቀድማ እሱን ነበር የምታስገባው። ቅጂው ያኔ የተቃጠለው ዲስክ ላይ ነበርና ያለው እሱ ብቻ ነው። ነቅላ ሰካች፣ ጠበቀች፣ መልሳ ሰካች፤ ማንበብ ጀመረ፣ ግን በዝግታ።

"ይሄ እንደታመመ ሰው ነው፣ እማዬ" አለችኝ። "ከጀመረ ቀስ እያለ ይሄዳል። ድንገት ከቆመ ግን ዳግመኛ ላይነሳ ይችላል።"

መብራት ብልጭ ቢል እንኳ እንዳይቆም ባትሪ ያለው ዩፒኤስ የሚሉትን ነገር ከሥሩ አስቀመጠች። እሱም ቢሆን ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው የሚይዘው።

በማግስቱ ንጋት ላይ ጎረቤታችን ኦቦ ደቻሳ አረፉ።

ኦቦ ደቻሳ ወንጪ ተወልደው፣ እንሰት ሲተክሉ ኖረው፣ ጉልበታቸው ሲደክም ልጆቻቸው አምቦ ያመጧቸው ሽማግሌ ናቸው። አጥራችን አንድ ነው። ጨዋታ ይወዳሉ። በአጥሩ ላይ ብቅ ብለው "ሙሉ፣ መቼ ነው ወንጪ አብረን የምንወጣው? እኔ አርጅቼ አንቺ ፈርተሽ ሁለታችንም ቀረን እኮ" ይሉኝ ነበር። እነዚያ የፕሮጀክቱ ልጆች ከሁለት ዓመት በፊት ወንጪ ወስደው፣ የቀድሞ ጓሯቸው ውስጥ አቁመው ስለ እንሰት ሲያወሩ ቀርጸዋቸዋል። እና ኦቦ ደቻሳ ያሉት እዚያ ቀጭ ቀጭ የሚለው ዲስክ ላይ ነው።

ቀብሩ ቀትር ላይ ተፈጸመ። ድንኳኑ ከእኔ በር ፊት ለፊት ተተከለ። የእድራችን ሰዎች ከቤቴ መስመር ለመሳብ መጡ፤ ሰፈሩ ውስጥ ልቅሶ ሲሆን ሁልጊዜም እንዲሁ ነው፣ የማይጠፋው የኛ ነውና። ለለቀስተኛ መብራት የከለከለ ሰው የእሱን ሬሳ ማን ያወጣለታል? ሌሊሴን ጠየቅኋት። አምፖል ብቻ ከሆነ ግድ የለም፣ አምፖል አይከብደውም አለችኝ። በመስኮቴ ኤክስቴንሽን ወጣ። ከዚያ እሷ ለሣጥኑ ማሸጊያና ለመኪናው ጉዳይ ቢሮ ሄደች። ሣጥኑን ብቻውን እንዳልተወው ስለነገረችኝ እኔ ከቀብር እንደተመለስኩ ድንኳን ውስጥ እንኳ ሳልቀመጥ ወደ ቤቴ ገባሁ። ሰው እንዳየኝ አውቃለሁ። የአንድ አጥር ጎረቤት ከድንኳን ሲቀር ይታያል።

ዝናቡ ያን ጊዜ ወረደ። ከወንጪ የሚመጡት ዘመዶች ጋቢያቸው ውሃ እየተንጠፈጠፈ ደረሱ፤ ግማሾቹ በፈረስ፣ ግማሾቹ በጭቃ መንገድ በእግር ነው የመጡት። ከድንኳኑ ኋላ የሚያበስሉት ሴቶች እንጨቱ ረጥቦ እምቢ አላቸው። ይህን ሁሉ በመስኮት አያለሁ። ድንገት ቤቱ ጨለመ።

ዩፒኤሱ መጮኽ ጀመረ። ጢጥ ይላል፣ ዝም ይላል፣ ጢጥ ይላል።

መጀመሪያ መብራት የጠፋ መሰለኝ። በመስኮት ሳይ ሆስፒታሉ ያበራል። ቆጣሪው ጋ ሄጄ የወረደውን ማብሪያ አነሳሁት፤ ተመልሶ ወረደ። ደግሜ አነሳሁት፤ ወረደ። ያኔ ገባኝ። እንጨቱ እምቢ ሲል ሴቶቹ የኤሌክትሪክ ምድጃ አምጥተው ከእኔ መስመር ላይ ሰክተዋል። ሌሊሴ ጋ ደወልኩ። ኔትወርክ የለም።

ሣጥኑ ፊት ተቀመጥኩ። ላፕቶፑ በባትሪው ይበራል፣ አረንጓዴው መስመር ጫፉ ሊደርስ ትንሽ ቀርቶታል። ዲስኩ ቀጭ፣ ቀጭ ይላል። ያን ጊዜ በልቤ የመጣውን ልንገራችሁ። ዝም ብዬ ብቀመጥ ባትሪው ያልቃል። አላጠፋሁም፣ አልነቀልኩም። ልቅሶ ነው፣ መብራት ሰጠሁ፣ ምድጃ ሰኩ፤ ማን ይወቅሰኛል? ሣጥኑ ሳይሞላ ይመለሳል፣ ነገሩ ይስተጓጎላል፣ ልጄ ትቀርልኛለች።

ጢጥ።

ሌሊሴ ያን ዲስክ ከቢሮ ስታመጣው ዝናብ እንዳይነካው ብላ በሹራቧ ውስጥ ከሆዷ ጋር አጣብቃ ነበር። እኔ እሷን ከሆስፒታሉ አራስ ሆኜ ይዣት ስወጣ እንደዚያው ነበር ያቀፍኳት። ያ ታየኝ። ተነሣሁና ነጠላዬን እንኳ በወጉ ሳልለብስ ወደ ዝናቡ ወጣሁ።

ከድንኳኑ ኋላ ወጥ ቤቱን የያዘችው አስካለ ናት፤ የእድሩ ጉልበት እሷ ናት፣ ምላሷም እንደ ጉልበቷ ነው። ምድጃው ላይ ትልቅ ድስት ተጥዷል። መብራቱ መጥፋቱን አይተው እነሱም እየተጨነቁ ነበር። እባካችሁ ምድጃውን ንቀሉልኝ፣ አምፖል ብቻ ነው የሚችለው፣ ቤቴ ውስጥ መብራት ካጣ የሚቆም ነገር አለ አልኳት። ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ። የልጄ ሥራ ነው አልኩ።

"እነዚህ ሰዎች ከወንጪ ጭቃ ሲያቦኩ መጥተዋል" አለች አስካለ፣ ረጋ ብላ፣ ሰው እንዲሰማ አድርጋ። "ድንኳን አልተቀመጥሽም፤ እሺ፣ ሣጥን ትጠብቃለች አልን። አሁን ደግሞ ለሣጥን ብለሽ ለለቀስተኛ የሞቀ ውሃ ትከለክያለሽ? ሣጥኑ ሲሞት እኛም አንቀብርልሽም።"

ሴቶቹ አቀረቀሩ። አንዷ ሣቋን በነጠላዋ ሸፈነች። ምን ብዬ ላስረዳት? ዲስክ፣ ክላውድ፣ ባትሪ እያልኩ ልነግራት ነው? የቤቴ ጢጥታ በዝናቡ ውስጥ እስከዚያ ድረስ ይሰማኛል፣ ወይም መስሎኝ ነው።

ትቻት ወደ ድንኳኑ ገባሁ። የሟች ሚስት አዴ ብርቄ መሬት ላይ ፍራሽ ላይ ተቀምጠዋል፤ ልጆቻቸውና የወንጪ ዘመዶች ከበዋቸዋል። እግራቸው ሥር ተንበረከክሁ። ሰዉ ላለቅስ የመጣሁ መስሎት ቦታ ለቀቀልኝ።

"አዴ ብርቄ፣ ይቅር ይበሉኝ" አልኩ። "ልጆቹ ኦቦ ደቻሳን የቀረጿቸው፣ የእንሰቱ ወሬ፣ አሁን ከቤቴ እየተጫነ ነው። ሩቅ ሊሄድ። ከኋላ ምድጃ ሰክተው መብራቱ ወረደ። ትንሽ ከቆየ ይጠፋል። ሌላ የለም፤ ያለው እሱ ብቻ ነው።"

ዝናቡ ሸራውን ይደበድባል።

"ደቻሳ ቤትሽ ውስጥ ነው ያለው?" አሉኝ።

"ድምፃቸው ነው። መልካቸውም።"

አዴ ብርቄ አንገታቸውን ወደ ኋላ አዙረው በኦሮምኛ ተናገሩ፤ "ኢቢዳ ሰና ዻምሳ"። ያን እሳት አጥፉት። ጮኸው አልተናገሩም፤ ልማዳቸውም አይደለም። ግን አስካለ ራሷ ስትሮጥ አየኋት።

ተመልሼ ማብሪያውን አነሳሁት። አልወረደም። አምፖሉ በራ። ዩፒኤሱ ዝም አለ። ዲስኩ ላይ ጆሮዬን ለጠፍኩ። ቀጭ፣ ቀጭ። በሕይወቴ ከልጄ ልብ ቀጥሎ እንደዚያ የናፈቅሁት ድምፅ የለም።

ሌሊሴ ውሃ በውሃ ሆና ደረሰች፤ መንገድ ላይ የሆነውን ነግረዋት ነበር። ላፕቶፑን አይታ መሬት ላይ ዘጭ አለችና ፊቷን በእጇ ሸፈነች። አልቆመም። ትንሽ ነው የቀረው አለችኝ። ሁለታችንም እንደዚያ ተቀምጠን ሳለ በሩ ላይ ሰው ቆመ። አዴ ብርቄ ናቸው። ሐዘንተኛ ከፍራሿ ተነሥታ ሰው ቤት አትሄድም፤ ሴት ልጃቸው ከኋላ ነጠላቸውን እየያዘች "እማ፣ ነውር ነው፣ ተመለሺ" ትላቸዋለች። እሳቸው አልሰሟትም። ገብተው ሣጥኑ አጠገብ ቁጭ አሉ። መዳፋቸውን ላዩ ላይ አሳረፉ።

"ይሞቃል" አሉ።

ከዚያ ሌሊሴን፣ ድምፁን ማሰማት ትችል እንደሆነ ጠየቋት። ልጄ ወደ እኔ ዞረች። ፊቷ ላይ ያለውን አነበብኩት። ሣጥኑ ራሱ አያሰማም፣ የተቆለፈ ነው። ከታመመው ዲስክ ላይ መክፈት ደግሞ እያነበበ ያለውን ማወክ ነው። ሐዘን ላይ ያለችን ሴት እምቢ ለማለትም አፍ አይችልም።

"እከፍትልዎታለሁ" አለቻቸው።

"ብትከፍቺው ይጎዳል?"

ሌሊሴ ዋሽታ አታውቅም። "ሊጎዳ ይችላል፣ አዴ ብርቄ።"

አሮጊቷ እጃቸውን ከሣጥኑ ላይ አላነሡም። ዓይናቸው ደረቅ ነበር። "ተይው በቃ" አሉ። "አርባ ዓመት ሰምቼዋለሁ። አጠገቤ ቀርቶ ከሚጠፋብኝ ርቆ ቢኖርልኝ ይሻለኛል። ሃ ዴሙ።" ይሂድ ማለታቸው ነው።

ተነሥተው ወጡ። እኔ ባለሁበት ቀረሁ። ያቺ ሴት ባሏን የቀበረችው ያን ዕለት ነው። ልትሰማው የምትፈልገው ድምፅ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ነው፤ ይሂድ አለች። እኔ በሕይወት ያለችውን፣ ጤነኛዋን፣ ሠላሳ ዓመት ያልሞላትን ልጄን ጊንጪ ድረስ እንኳ ትሂድ አላልኩም። ያለቀስኩት ያን ጊዜ ነው። ሌሊሴ ለኦቦ ደቻሳ መሰላት፤ እቅፍ አደረገችኝ።

መስመሩ ከመምሸቱ በፊት ጫፍ ደረሰ። ዲስኩም ትንሽ ቆይቶ ዝም አለ፤ ከዚያ ወዲያ ተነሥቶ አያውቅም። ሌሊሴ የተገለበጠውንና ዝርዝሩን እያስተያየች ብዙ ቆየች። እውነቱን ለመናገር ሁሉም አልተረፈም። አንድ የፈረስ ገሪ ሽማግሌ ወሬ ግማሹ አልተነበበም፤ እስካሁን ሌሊሴን ይቆጫታል።

በማግስቱ ሣጥኑ ተዘጋ። ግንባሩ ላይ ያለው መስታወት ሣጥኑ የሚሄድበትን አድራሻ በራሱ አወጣ። እኔ ደግሞ አንድ ያልነገርኳት ነገር ነበረኝ። ሰሞኑን ልብሴን በፌስታል ሸክፌ አልጋ ሥር አስቀምጬ ነበር። መሄዷ ካልቀረ አብሬያት ልሄድ፣ ከተገለበጠም አብረን ልንገለበጥ። እንደዚህ ነበር የማስበው፤ ሌት ተቀን።

መኪናው በር ላይ ቆመ። ሹፌሩና የእድሩ ወንዶች ሣጥኑን ተሸክመው ጫኑት። አስካለም ከድንኳኑ ወጥታ "በቀስታ፣ ኦቦ ደቻሳ አሉበት" እያለች ታዛቸዋለች። አዴ ብርቄ ከድንኳኑ አፍ ላይ ሆነው ያያሉ። ሌሊሴ ወደ እኔ መጣች።

"ፌስታሉን አይቼዋለሁ" አለችኝ ቀስ ብላ። "ትመጫለሽ?"

መኪናውን አየሁት። ጎማውን፣ ጭቃውን፣ የሹፌሩን ዓይን ሳይቀር መረመርኩት።

"አልመጣም" አልኳት። "ከመጣሁ ይዤሽ እመለሳለሁ። ሂጂ።"

ግንባሬን ሳመችኝና ገባች። መኪናው ኮረኮንቹን ወጥቶ ከሆስፒታሉ አጥር ጀርባ እስኪሰወር ቆምኩ። ከዚያ ወደ ቤቴ አልገባሁም፤ ድንኳን ሄጄ አዴ ብርቄ አጠገብ ተቀመጥኩ። ስልኬን በመዳፌ ጨብጫለሁ። ሁለታችንም የሸኘን ሰዎች ነን። ስልኩ ሲጮኽ ጊንጪ ደርሰናል አለችኝ። ያንኑ ደግሜ ለአዴ ብርቄ ነገርኳቸው። "ጊንጪ ደርሷል" አሉ ለአጠገባቸው ሰው። ያም ለሌላው። ድንኳኑ ሁሉ ጊንጪ መድረሱን ሰማ።

ከማዶ መልሱ የመጣው ብዙ ከቆየ በኋላ ነው። ደርሷል፣ ተራግፏል፣ ተስተያይቷል። ሌሊሴም እዚያው አዲስ አበባ ሥራዋን ጀመረች።

እናቶች፣ ፍርሃቱ ለቀቀሽ ወይ ብላችሁ ብትጠይቁኝ አልለቀቀኝም። ልጄ መኪና ላይ ስትወጣ እስክትደርስ ድረስ ቁጭ ማለት አልችልም። ግን ፍርሃቴ እንደ ድሮው በር ላይ ቆሞ አይከለክልም፤ አብሮኝ ይሳፈራል። አዎ፣ እሳፈራለሁ። በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ወንጪ ወጣሁ። ወንበሩን በሁለት እጄ አንቄ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር የወጣሁት፤ ግን ወጣሁ። ቅቤውን እንደ ድሮው እያሸተትኩ ገዛሁ። ልጆቻችሁን በፍቅር የያዛችሁ መስሏችሁ አንቃችሁ እንዳይሆን እጃችሁን እዩት። የኔ ምክር ይሄ ብቻ ነው፤ የተማርኩት ከተማሩት አይደለም፣ ባሏን በቀበረች ዕለት ይሂድ ካለች ጎረቤቴ ነው።

ሌሊሴ ለመጀመሪያ ጊዜ ልትጠይቀኝ የመጣች ዕለት ሻንጣዋን እንኳ ሳታስቀምጥ አዴ ብርቄ ቤት ገባች። እኔም ተከተልኳት። ላፕቶፑን ከፍታ ፊታቸው አደረገችላቸው። ኦቦ ደቻሳ ብቅ አሉ፤ ያ ጎርናና ድምፃቸው፣ ያ ዱላቸው፣ ከኋላቸው የወንጪ ጓሮ። አንድ ትልቅ እንሰት መታ መታ እያደረጉ፣ ይህን በገዛ እጄ የተከልኩት እኔ ነኝ፣ ሚስቴ በዚያ ቦታ አይጸድቅም ብላኝ ነበር ይላሉ ለልጆቹ።

አዴ ብርቄ መጀመሪያ አልተንቀሳቀሱም። ከዚያ ጣታቸውን ወደ ላፕቶፑ መስታወት ቀሰሩ።

"ሶባ" አሉ። "ውሸቱን ነው። የተከልኩት እኔ ነኝ፤ አይጸድቅም ያለው እሱ ነው።"

ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። ሊያለቅሱ መስሎኝ ልደግፋቸው ስጠጋ እየሣቁ ነው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ጥርሳቸውን ያየሁት ያን ጊዜ ነው። በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉና ፍራሻቸው ላይ ተስተካክለው ተቀመጡ።

"ድገሚልኝ፣ ልጄ" አሏት ሌሊሴን። "አሁን መልሱን ልስጠው።"